ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በአገራችን የፊዚክስ ዕውቀት የሚመዘነው በአብዛኛው በሰሌዳና በወረቀት ላይ ነው። ተማሪው የኦምን ሕግ በቃሉ ይወጣዋል፤ በኪርኾፍ ሕጎች እየተመራም የተወሳሰበ የኤሌክትሪክ ዑደት ይፈታል። ሆኖም በበዓል ቀን የትምህርት ቤቱ ማይክሮፎን መንጫጫት ሲጀምር ሽቦው ይላጣል፣ ይጠመጠማል፣ በናስትሮ ይታሰራል፤ ጉዳዩም እስከሚቀጥለው በዓል ይዘጋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል ለሽቦም የተነገረ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፤ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ የድምፅ ገመድ በገዛ እጁ ሠርቶና ለክቶ ሊመረቅ ይገባዋል።

ገመድ የተመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ብዙ የፊዚክስ ምዕራፎች ተጠቃለው ስለሚገኙበት ነው። ከስፒከር ገመድ እንጀምር። አምፕሊፋየሩ ከስፒከሩ 5 ሜትር ቢርቅ፣ ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 10 ሜትር ይሆናል። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.68 × 10⁻⁸ ኦም ሜትር ያህል ነው። የሽቦው ስፋት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.22 ኦም ገደማ ይመጣል። ባለ 8 ኦም ስፒከር ሲገጠምለት በገመዱ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ 3 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ርቀቱ 50 ሜትር ቢሆን ግን ከአምስት አንድ እጅ በላይ በመንገድ ይቀራል፤ ወፍራም ሽቦም የግድ ይሆናል። ይህን ያሰላ ወጣት «ልዩ መዳብ» ተብሎ በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚቀርብለትን አጭር ገመድ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቃል። ወርቅ የተቀባ ማገናኛም ቢሆን ጥቅሙ አለመዛጉ እንጂ ከመዳብ የተሻለ አስተላላፊ መሆኑ አይደለም፤ መዳብ ከወርቅ ይበልጣልና።

የማይክሮፎን ገመድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ከማይክሮፎን የሚወጣው ምልክት በሚሊቮልት የሚቆጠር ደካማ ነገር ነው። በአቅራቢያው ያለው የ220 ቮልት መስመር በ50 ኸርዝ ድግግሞሽ እያጉረመረመ ይረብሸዋል። መፍትሔው ሁለት ሽቦዎችን አንድ ላይ ገምዶ በመረብ መሸፈን ነው። ረባሹ ሁለቱን ሽቦዎች በእኩል ስለሚነካቸው፣ ልዩነታቸውን ብቻ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ጉርምርምታውን ያጠፋዋል። ባለ ሦስት እግሩ ማገናኛ የተሠራው ለዚህ ነው፤ 1ኛው እግር ለመረቡ፣ 2ኛውና 3ኛው ለሁለቱ ሽቦዎች።

ሽቦን ከማገናኛ ጋር ለማዋሐድ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ብየዳ ነው። ቆርቆሮ በ232፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣሉ፤ 63 ከመቶ ቆርቆሮና 37 ከመቶ እርሳስ የያዘው ቅይጥ ግን ከሁለቱም በታች በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። የጀማሪዎች ስሕተት ቅይጡን በመበየጃው ጫፍ አቅልጠው በቀዝቃዛው ሽቦ ላይ ማንጠባጠባቸው ነው። መሞቅ ያለበት መገጣጠሚያው ራሱ ነው፤ አለበለዚያ ለዓይን የተያያዘ የሚመስል፣ ሲነካ የሚቋረጥ ሥራ ይወጣል። እርሳስ መርዛማ በመሆኑም መስኮት ከፍቶ መሥራት፣ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ሽቦውን በማገናኛው እጅጌ ውስጥ ጨፍልቆ ማያያዝ ነው። በትክክለኛው መጨፍለቂያ ከተሠራ ብረቶቹ አየር በማያስገባ ሁኔታ ይጣበቃሉ፤ በተራ ፒንሳ የተጨመቀው ግን ውሎ አድሮ ይላላል። ብየዳም የራሱ ድካም አለው። የቀለጠው ቅይጥ በቀጫጭኖቹ የሽቦ ክሮች መካከል ወደ ላይ ስለሚሳብ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ሽቦውም ሲታጠፍ ደረቁ ባበቃበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ንዝረት በሚበዛበት ቦታ መጨፍለቅ ይመረጣል፤ የተበየደ ማገናኛ ደግሞ የገመዱን የውጭ ልባስ ጨብጦ የሚይዝ ማነቂያ ሊኖረው ይገባል።

«ይህ የቴክኒሽያን ሥራ ነው፤ የሳይንቲስት አይደለም» የሚል አይጠፋም። ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» እያለ ያዋረደው የኖረ ንቀታችን ዛሬ ጋዋን ለብሶ ሲመጣ ልናውቀው ይገባል። ኦሊቨር ሄቪሳይድ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 አንዱ አስተላላፊ ሌላውን የሚከበው ገመድ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል፤ የማክስዌልን ቀመሮች ዛሬ በሰሌዳ ላይ ወደምንጽፈው ቅርጽ ካመጡትም ዋነኛው እርሱ ነው። እኔም በባሕር ማዶ የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል እንዳየሁት፣ ተመራማሪ የመለኪያውን ገመድ ራሱ መበየዱ ከክብሩ የሚቀንስ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበባት ከዚህ ይጀምሩ። ተማሪው የገመዱን ሬዚስታንስ አስቀድሞ አስልቶ ይጻፍ፤ ከዚያ ይለካ። ተራው መልቲሜትር 0.22 ኦምን በትክክል እንደማያነብለት ወዲያው ይደርስበታል፤ የመለኪያው የራሱ ሽቦዎችም ወደዚያ የሚጠጋ ሬዚስታንስ አላቸውና። ስለዚህ የገመዱን ሁለት ሽቦዎች በአንደኛው ጫፍ አገናኝቶ 1 አምፔር ጅረት ያሳልፍ፤ በሌላኛው ጫፍ በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ ይለካ። 0.22 ቮልት ገደማ ባነበበባት ቅጽበት የኦም ሕግ ከፈተና ጥያቄነት ወጥቶ የእጁ መሣሪያ ይሆናል።