ጥበቃ ያለ ጠበቃ

በአማርኛ «ጥበቃ» እና «ጠበቃ» ከአንድ ግሥ፣ ከ«ጠበቀ»፣ የሚወጡ ቃላት ናቸው፤ የይፋት ቆላ ወንዞች ሲነሡ ግን ስለ ጥበቃቸው እንጂ ስለ ጠበቃቸው እምብዛም አይነገርም።

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የይፋቷ ከተማ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ስትሆን፣ ሮቢንና ጀውሃን የመሳሰሉት ወንዞች ከምዕራቡ የደጋ ጠርዝ ተነሥተው በአዋሽ ተፋሰስ፣ ማለትም ዝናቡ ሁሉ ተሰባስቦ ወደ አዋሽ በሚያመራበት ምድር፣ ቁልቁል ይፈሳሉ። የቆላው የመስኖ ሽንኩርት የሚበቅለው በበጋው ፍሰት ነው፤ ይህም የደጋው አፈር በክረምት መጥጦ ያቆየውና ከዝናቡ ወራት በኋላ በምንጭ በኩል ቀስ እያለ የሚለቀው ውሃ ነው። ስለዚህ ደጋው ሲራቆት ወንዙ በክረምት ደራሽ ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ ይሆናል፤ አሸዋው ደግሞ ለግንባታ ያለ ልክ ሲዛቅ መደቡ ይጎደጉዳል፣ ዳርቻው ይናዳል፣ የመስኖ መጥለፊያውም ውሃው ከሥሩ ወርዶ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ጉዳቱ የሚደርስበት ገበሬ ከታች፣ መፍትሔው ያለበት መሬት ከላይ መሆኑ ነው። የደጋውን አራሽ መውቀስ ግን አያዋጣም፤ ቁልቁለቱን የሚያርሰው ሌላ መሬት ስለሌለው ነውና። ለዚህ የሚሆን ትምህርት እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አለ። የመንዝ ሕዝብ ምንጮቹ ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም የሚወርዱትን ጓሳ የተባለ የደጋ ሣር ምድር «ቀሮ» በተባለ ሥርዓት፣ ማለትም ለዓመታት ዘግቶ በጋራ ውሳኔ ለሣር አጨዳ በመክፈት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጠብቆት ነበር። ያ ሥርዓት ጸንቶ የቆየው በምክር ብቻ ሳይሆን፣ ዳኝነትና ቅጣት ስለነበረውም ነው።

ዛሬም ሕጉ በሩን አልዘጋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለት በዚህ ረገድ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ክሱ ውድቅ መደረጉ ሙግት ብቻውን እንደማይበቃ ቢያሳይም፣ ወንዝ የሚከራከርለት ሊያገኝ እንደሚችል ግን አስታውቋል።

ስለሆነም የሮቢ ጠበቃ ሥራ የችግኝ ቀን ማክበር ብቻ ሊሆን አይገባም፤ አሸዋው ከየት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚዛቅ እየመዘገበ አቤት ማለት፣ የቆላው መስኖ ተጠቃሚም ከምርቱ ጥቂቱን ለደጋው ምንጭ ጠባቂ እንዲያካፍል ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሸንጎ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ደገኛው ምንጩን የሚጠብቀው ለቆለኛው ውለታ ሳይሆን በውል ሲሆን፣ ያን ጊዜ «ጥበቃ» ከመፈክርነት ወጥቶ ዳኛ ያለው ጉዳይ ይሆናል።