የሱቅ ሠራተኛ በምስጋና ብቻ አይኖርም



በመጪው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ፣ ወረርሽኝ በሚገባበት ጊዜ በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ቆመው ለሚሠሩ ሰዎች ከደመወዛቸው በላይ የአደጋ አበል ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው የሚለው መሆኑ ይታወቃል። ጉዳዩ ገና ስብሰባ ሳይደርስ በየበረንዳው መነጋገሪያ ሆኗል። አንዳንድ ባለሱቆችም «የማኅበሩ ሰዎች ሠራተኛ ሊያነሣሡብን ነው» ማለታቸውን ሰምተናል። እኛ በማንም ላይ የምናነሣሣው ሰው የለም። የምናስበውን ግን በጓሮ ከማውራት እዚሁ ሰሌዳ ላይ ጽፈን መለጠፍ ይሻላል ብለናል። አበሉ ይገባቸዋል እንላለን። ለምን ቢሉ፣ ምክንያታችን የሚከተለው ነው።

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ለቅሶ እንኳ እንደ ወጉ መድረስ ቀረ፤ ዕድሩም አፎሻውም ድንኳኑን አጠፈ። ቤቱ መቀመጥ የቻለ ሁሉ ቤቱ ተቀመጠ። ሱቅ ግን አልተዘጋም፤ ሊዘጋም አይችልም ነበር። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዱቄቱ ከየት ይመጣ ነበር? እኛ ቤት መቀመጥ የቻልነው ሌላው ሰው ባንኮኒ ላይ ስለቆመልን ነው። ይህን የሚክድ ካለ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ይናገር።

ደግሞ ያለንበትን ቦታ አንርሳ። ጭሮ፣ ትልልቆቹ አሰበ ተፈሪ የሚሏት ከተማችን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚያልፈው መንገድ ላይ ነች። ሚኤሶና አሰቦትም፣ ሂርናም እንዲሁ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሹፌር፣ ረዳትና መንገደኛ ሁሉ ወርዶ ውኃና ብስኩት የሚገዛው ከነዚህ ልጆች እጅ ነው። ሱቁ ጠባብ፣ መስኮቱ አንድ። «ሁለት ሜትር ራቁ» ቢባል ባንኮኒው ራሱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ለውጥ ሲታወጅም በየትራሱና በየመቀነቱ የከረመው አሮጌ የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ሁሉ ወጥቶ ወደ ሱቅ መጣ። የቆጠረው ማነው? በሽታው ይበልጥ የሚተላለፈው በትንፋሽ እንደሆነ ባለሙያዎች ነግረውናል። ታዲያ ብሩን ይዞ የመጣው ሰው አይተነፍስም እንዴ?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን ቃል እንምጣ።

አንደኛ፣ «አደጋው የሁሉም ሰው ነበር» ይላሉ። የሁሉም ነበር፤ እኩል ግን አልነበረም። ቤቱ ተቀምጦ በቀን አንድ ሰው የሚያይና ከጠዋት እስከ ማታ መቶ ሰው የሚያስተናግድ አንድ አይደሉም። የጤና ባለሙያ የተጋላጭነት አበል ይታሰብለታል፤ እሰየው፣ ይገባዋል። በዚያን ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና በግማሽ ሰው ብቻ ይጫን ሲባልም፣ ባለመኪናው እንዳይጎዳ ታሪፉ ከፍ እንዲል ተፈቅዶለታል። ለመኪናው ብረት የታሰበው ለሱቁ ልጅ ሳንባ ለምን አይታሰብም?

ሁለተኛ፣ «ሥራ ማግኘታቸው ራሱ ዕድል ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ያሳፍራል። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ የዘመድ ልጆች ናቸው፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድራሉ፤ የሥራ ውል የሚባል ወረቀት አይተው አያውቁም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ውሉ በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል በጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት ይናገራል። ወረቀት ባይኖርም መብቱ አይቀርም። «የወንድሜ ልጅ ነው» ማለት ደመወዝን አይሰርዝም። እንዲያውም ዘመድ ከሆነ ይበልጥ ሊታዘንለት በተገባ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ይኸው አዋጅ በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ ሲደነግግ፣ በአካባቢው የሚዛመት ወረርሽኝን ከዚያ ውስጥ አይቆጥረውም፤ የሚቆጥረው ሥራቸው በሽታውን መዋጋት ብቻ ለሆነ ሰዎች ነው። ይህም ማለት የሱቅ ሠራተኛ ባንኮኒው ላይ ቆሞ በሽታው ቢይዘው፣ ሕጉ የሥራ ጉዳት ነው ብሎ ካሣ አያስከፍልለትም። ስለዚህ ሕጉ ትቶት ያለፈውን ክፍተት የምንደፍነው እኛው በስምምነት ነው። ሌላ ማንም መጥቶ አይደፍንልንም።

ሦስተኛ፣ «ትርፋችን ትንሽ ነው፤ አበል ብንከፍል ዕቃ ይወደዳል» ይላሉ። ይህኛው ቁምነገር ስላለው በሒሳብ እንመልሳለን። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 3,000 ብር ነው እንበል፤ አበሉም ሩቡ፣ ማለትም 750 ብር ይሁን። ሱቁ በቀን 100 ሰው ቢያስተናግድ በ30 ቀን 3,000 ግብይት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሲካፈል 25 ሳንቲም ነው! 25 ሳንቲም ዕቃ አስወደደ ተብሎ ሲነገር ደስ አይልም። ኮሮና ገባ በተባለ ሰሞን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሲወደድ የማን አበል ተከፍሎ ነበር? «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የተባለው ለዚህ ነው።

ነገሩ በውጭ አገርም ተሞክሯል። በካናዳ ትልልቆቹ የምግብ መደብሮች በ2012 ዓ.ም. ለሠራተኞቻቸው በሰዓት 2 ዶላር ጨምረው ነበር፤ በሰኔ ወር ግን በሽታው ሳይጠፋ ሁሉም በአንድ ሰሞን አቆሙት። በአሜሪካ ደግሞ የሎንግ ቢች ከተማ በጥር 2013 ዓ.ም. በሰዓት 4 ዶላር እንዲጨመር ስትደነግግ፣ ክሮገር የተባለው ኩባንያ ሁለት መደብሮቹን እዘጋለሁ ብሎ ዘጋ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በበጎ ፈቃድ የተሰጠ በበጎ ፈቃድ ይነሣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይጻፍ። ትልቅ ኩባንያ መዝጋት ይችላል፤ የእኛ ባለሱቅ ግን ጎረቤታችን ነው፣ ለቅሶውም ሠርጉም ከእኛ ጋር ነው፤ ስለዚህ ተመካክረን እንጂ ተዛዝተን አንጨርሰውም።

በመሆኑም ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦

1ኛ/ የጤና ጽሕፈት ቤት ወረርሽኝ መግባቱን ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ እስኪያበቃ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ሱቅ የደመወዙን ሩብ የአደጋ አበል ይጨምር።
2ኛ/ ጭምብል፣ ሳሙናና ውኃ ባለሱቁ ያቅርብ፤ ከሠራተኛው ደመወዝ አይቆረጥ።
3ኛ/ ሠራተኛው ታሞ ወይም ተለይቶ ሲቀመጥ ደመወዙ አይቋረጥ፤ ቦታውም ይጠበቅለት።
4ኛ/ ሠራተኛ የሌለው፣ ራሱ ቆሞ የሚሸጥ ደኻ ባለሱቅና የጉሊት ነጋዴ ይህ አይነካውም።

«ኮሮና አልፏል፤ ዛሬ ምን አስነሣችሁ?» የሚለንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት የተናገረው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ከባሌ በኩል የተነሣው ኮሌራ ወደ ብዙ ቦታ ተዛምቷል። በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም። ጣሪያ የሚከደነው ዝናብ ሳይመጣ ነው። ያን ጊዜ ለሱቁ ልጅ «አብሽር፣ ጀግና ነህ!» ስንለው ነበር። ጀግና ያልነውን ሰው ቀን ሲያልፍ መርሳት ነውር ነው።

ስለዚህ ባለሱቆችም፣ ሠራተኞችም፣ ገዢዎችም በስብሰባው ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እናሳስባለን። የሚቃወመንም ይምጣ፣ ሒሳቡን ይዞ ይምጣ። ሱቅ የሚሠሩት ልጆችም እንዲገኙ ባለሱቆች ለዚያች ሰዓት ይልቀቋቸው፤ የምንነጋገረው ስለ እነሱ ነውና። ማንበብ ለማይችል ያነበበ ያንብብለት፤ በኦሮምኛም ይንገረው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት