ሞባይል የነጠቀን ጎል

ኳስ ወዳጅ ሰው መነጠቅ ብርቁ አይደለም። ዳኛ ፍጹም ቅጣት ምቱን ይነጥቀዋል፣ ባላንጣው ዋንጫውን ይነጥቀዋል፣ መብራት ይጠፋና ሁለተኛው አጋማሽ እንዳለ ይቀርበታል። ይሄን ሁሉ ለምደነዋል። ያልለመድነው፣ ልንለምደውም የማይገባን አዲስ ነጣቂ ግን መጥቷል። አጠገባችን ተቀምጦ ሻዩን ፉት እያለ፣ አጥቂው ኳሷን ገና ሳይመታት «ገባች!» የሚል ባለሞባይል!

ሰበታም ይሁን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ የሚል ሰው ይሄን ነጣቂ በደንብ ያውቀዋል። ጨዋታው 0 ለ 0 ነው። አግዳሚው ሞልቶ በር ላይ ሰው ቆሟል። ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ ስትንከባለል ጥግ ላይ ያለች አንዲት ስልክ «ጢን!» ትላለች። ጌታዋ ቀና ይልና «አርሴናል አገባ!» ብሎ ያውጃል። ከዚያ በኋላ ምን ቀረ? ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው ነገር የለም። ጎሉ ሲመጣ እንደ ትናንት ጋዜጣ ይነበባል እንጂ አይጮህለትም።

ነገሩ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ ምስጢሩ ቀላል ነው። ምስሉ ከስታዲየም ተነስቶ ወደ ማሰራጫ ጣቢያው ይሄዳል፤ ከዚያ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት ይወጣል፤ ተመልሶ በዲሽና በዲኮደር በኩል ወደ እኛ ይወርዳል። በየደረጃው ይታሸጋል፣ ይፈታል። በዚህ መሀል ሴኮንዶች ያልፋሉ። ጨዋታውን በኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ደግሞ መዘግየቱ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ የሚመጣው ውጤት ግን ምስል አይሸከምም። ስታዲየም የተቀመጠ መረጃ ሰብሳቢ ቁልፍ ይጫናል፤ ሁለት ቁጥርና አንድ ስም ብቻ ይበራሉ። ሸክሙ የቀለለ መንገደኛ ቀድሞ ይደርሳል። እንግዲህ ባለሞባይሉ ነቢይ አይደለም፤ ኳስም ከእኛ የተሻለ አያውቅም።

አንዳንዴ እንዲያውም ነቢይነቱ ጉድ ይሠራዋል። «ገባ!» ብሎ ቤቱን ያተራምሳል፣ ከዚያ ምስሉ ደርሶ ጎሉ ይታያል፣ ወዲያው ቫር ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። የውርርዱ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው። ትኬት የቆረጠው ወንድማችን ፊት ለፊቱ ያለውን ጨዋታ ትቶ ስልኩ ላይ የሌላ አገር ጨዋታ ኮርና እየቆጠረ በየመሀሉ ይዘላል። ጎረቤቱ ምን ሆነ ብሎ ስክሪኑን ያፈጣል። ምንም አልሆነም!

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንይ። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከ1997 ምርጫ ማግስት አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 መባቻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ያለ እሱ ኖረናል፤ ሚስድ ኮል ነበር ቋንቋችን። ከሞባይል በፊት ደግሞ ሬዲዮ ነበር። ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያልፍን ሰው «ስንት ለስንት ናቸው?» ይሉታል፤ እሱም ነግሮ ያልፋል። ልብ በሉ፤ የሚነግረው ሲጠየቅ ነው። ዛሬ መሣሪያው ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ሰውም ከመሣሪያው ተምሮ ሳይጠየቅ መናገር ጀምሯል። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ወሬ ይዞ መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እኛ የስልኩን ጠባይ መውረሳችን ነው።

ይሄ ነገር ለእነዚህ ሦስት ከተሞች ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚል አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ኳስ የሚወድ ሕዝብ አላቸው፤ በቅርብ የሚያዩት ትልቅ ጨዋታ ግን አልበዛላቸውም። ሰበታ ከተማ በ2012 ፕሪሚየር ሊጉን ቢቀላቀልም ያ የውድድር ዘመን በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እያሰባሰበ መጫወት ጀመረ። በ2014 መጨረሻ ሰበታ ወረደ። ስለዚህ ለብዙው ደጋፊ ካታንጋውም ሚስማር ተራውም ያ ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ። ቀን ሲሠራ የዋለ ወጣት ከፍሎ የሚገባው ጎል ለማየት ብቻ አይደለም፤ ጎሉንማ ማታ ስልኩ ላይ ያገኘዋል። የሚገባው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቅፎ ለመጮህ ነው። ባለሞባይሉ የሚነጥቀው ይቺን ሴኮንድ ነው።

የውጪዎቹም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። በኤሌክትሮኒክስ ኩባንያው በፊሊፕስ ስም በሚጠራው ስታዲየም የሚጫወተው የሆላንዱ ፒኤስቪ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋይፋይ ሲያስገባ፣ የገዛ ደጋፊዎቹ ናቸው ተቃውሞ ይዘው የወጡት። ስልክ ከመጣ ዝማሬ ይሞታል ብለው ነው። በጥር 2015 ደግሞ የሮማው ቶቲ ላዚዮ ላይ አግብቶ ከደጋፊዎቹ ፊት ራሱን በስልክ ፎቶ አነሳ፤ ዓለም ሳቀለት። በሚያዝያ 2022 ሮናልዶ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ተሸንፎ ሲወጣ የአንድ ታዳጊ ደጋፊን ስልክ መትቶ ጣለ፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሁለት ጨዋታና 50 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ያው ስልክ አንዱን አስቆ ሌላውን አስቀጣ። ልዩነቱ የሰዎቹ አያያዝ ነው።

ሱሉልታ ስንደርስ ጨዋታው ከጎልም ያልፋል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ይቺ ከተማ የሯጮች አገር ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ ትራኩን የሠራው እዚያ ነው። ጎህ ሲቀድ በጎጃም መንገድ ዳር የሚሮጡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። መሪ በአንድ እጁ፣ ስልክ በሌላው ይዞ የሚነዳ ሹፌር እነሱ አጠገብ ሲያልፍ የሚነጥቀው ጎል አይደለም፤ እግር ነው፣ ሕይወት ነው። «አድናቂ ነኝ» ብሎ መኪናውን እያዘገመ ቪዲዮ የሚቀርጸውም ከዚህ አይለይም። አትሌቱ ሥራ ላይ ነው። ሰላም ብሎ ማለፍ ምን አለበት?

«በስልኬ ምን አገባህ? በራሴ ካርድ፣ በራሴ ብር!» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነት አለው። ተረኛ የሆነው ጥበቃ፣ ሱቋን መዝጋት ያልቻለችው እህት ቡድናቸውን የሚከታተሉት በዚሁ ስልክ ነው። ቤቱ በሽተኛ አስቀምጦ የወጣ ሰውም ስልክህን ዝጋ አይባልም። እኔም ስልክ በር ላይ ይቀመጥ አልልም። ግን ዲኤስቲቪ ቤት እንደ ለቅሶ ቤት፣ እንደ ሠርግ ቤት የጋራ ቤት ነው። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብሎ ወንበር የሚለቅ ልጅ እኮ ዛሬም አለን። ያው ልጅ ስልኩ ሲጮህ የሃምሳ ሰው ፊት ጋርዶ ቆሞ «አሎ! አይሰማም! ኳስ ቤት ነኝ!» ሲል ነው የሚገርመው። ሜዳ ላይ ለሞተ ሰው የህሊና ጸሎት ሲደረግ የዘፈን ጥሪ የሚያስለቅቀውንማ ምን እንበለው?

መፍትሔው ኮሚቴ አያስፈልገውም። የውጤት መልእክቱ ድምፅ ይጥፋ። ያየ ሰው እስኪጠየቅ ዝም ይበል። ስልክ የሚያወራ ውጪ ወጥቶ ያውራ። የቤቱ ባለቤት ጨዋታው ሊጀመር ሲል ይሄን አንዴ ጮክ ብሎ ቢናገር፣ ቀሪውን ደጋፊው ራሱ ያስከብረዋል። ሂሳብ ያልከፈለን አስተናጋጁ እንደሚያስታውሰው ሁሉ፣ ጎል የነጠቀንም ጎረቤቱ «ወንድሜ፣ ለራስህ ያዘው» ቢለው ነውር የለውም። ታላቅ ከሆነም «ጋሼ፣ እባክዎ» ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ እንገናኝ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጎሉን ግን አብረን እንየው።