«ኤ ፎር አፕል» ይብቃን!

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ በየሰፈሩ «ኮደር» በዝቶልናል። (ሰርተፍኬቱን ፌስቡክ ላይ ያልለጠፈ ጓደኛ ያላችሁ እስኪ ጠቁሙን።) ደስ ይለናል እንጂ አንቀናም። ሥልጠናው የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራትንም ስለሚያስተምር፣ ብዙ ጀማሪ «በምን ልጀምር?» ሲል ቶሎ የሚመጣለት የሕፃናት መማሪያ ነው። ሥዕሉን ሲነኩት ስሙን የሚጠራ፣ ሌላ ጣጣ የሌለው። ምርጫው ሸጋ ነው። ጠባችን ቀጥሎ ከሚመጣው ጋር ነው። መተግበሪያው ይከፈታል፣ ቀይ ፖም ዱብ ይላል... «ኤ ፎር አፕል!»

ለማን ነው ይሄ? መካነ ሰላም ላለ የ3 ዓመት ልጅ? የወሎ ቦረና ልጅ ደጁ ላይ የሚያየው በግ፣ ገብስና ባቄላ ነው። እዚያው አገሩ የቦረና ሳይንት ፓርክ አለለት፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት። (ጫካው «ደንቆሮ» ይባላል፤ ደንቆሮዎቹስ እኛ ነን።) ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኙ ሁለት እንስሳት ጎረቤቱ ሆነው ሳለ፣ እኛ ከኢንተርኔት የወረደ ፖም እናሳየዋለን።

በሽታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ለልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን ትቶ ሄደ። አስተማሪ የለ፣ መመሪያ የለ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንዳወራው አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ማብሪያውን አገኘ፣ በ2 ሳምንት ደግሞ ልጆቹ የ«ኤቢሲ»ን መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። ዓለም አጨበጨበ። የልጆቹን ጉብዝና እኛም አልካድንም። ግን ካርቶኑን የከፈቱት የኦሮሚያ ልጆች ናቸው፣ የተዘመረው መዝሙር የእንግሊዝ። ያኔ «ፈረንጅ ነው ያመጣው» አልን። ዛሬ የገዛ እህታችን በገዛ እጇ ኮድ ጽፋ ያንኑ ስታመጣስ?

«ወላጅ የሚፈልገው እንግሊዝኛ ነው» ትይናለሽ። እውነትሽን ነው፣ ይፈልጋል። እንግሊዝኛውም ይምጣ፤ ግን ተራውን ጠብቆ።

«አማርኛ ለኮምፒዩተር ይከብዳል» ካልሽ ግን አንሰማሽም። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ የተቀመጠውም ልክ እንደ የኔታ ገበታ በረድፍ በረድፍ ነው። የሀ ቁጥር 4608፣ የሁ 4609፣ የሂ 4610... ለ ላይ ስትደርሺ 4616። በየ8 ቁጥሩ አዲስ ረድፍ ይጀምራል። ኮድን መደጋገም ትናንት የተማረች ልጅ፣ እንደ ቈ እና ቐ ያሉትን ረድፎች እየዘለለች፣ 231ዱን ፊደል በጥቂት መስመር ትደረድራለች። ለድምፁም ስቱዲዮ አትፈልጊም። እናትሽ በስልክሽ ይቅዱልሽ፤ «በ... በግ!» ሲሉ የወሎ ዜማቸው አብሮ ይግባ።

ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥዕል ኢንተርኔት የሚለምን መተግበሪያ አትሥሪ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ጠፍቶ ቆይቷል። ያን ጊዜ ኔትወርክ የሚጠብቅ መማሪያ ለቦረና ልጅ ምኑ ነበር? ሥዕሉም ድምፁም እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከእናት ስልክ ወደ አክስት ስልክ በብሉቱዝ ይለፍ። ማስታወቂያውንም አውጪልን፤ የ3 ዓመት ጣት ያቺን ሚጢጢ የመዝጊያ «ኤክስ» አታገኛትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። እንግዲህ የሚያልቅ ነገር ሥሪ፤ ሕፃኑን አስሮ የሚያስቀምጠውን ለሌላው ተይው።

«ጀማሪ ነኝ» አትበይን። ብሩክታዊት ጥጋቡ አስተማሪ ነበረች እንጂ የቴሌቪዥን ሰው አልነበረችም። ከባለቤቷ ጋር በአሻንጉሊት ጀምራ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አመጣችልን። ቀጭኔዋ በአማርኛ አወራችን፣ ፖምም አላስፈለጋትም።

የመጀመሪያውን ስትጨርሺ ላኪልን። የእህታችን ልጅ በጉን ነካክታ ትፈትሽልሻለች። ፖም ካለበት ግን አንከፍተውም።