ፍተሻው ለሻንጣው ነው ወይስ ለባለቤቱ?

የአገር ውስጥ በረራ የቅንጦት ጉዞ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ከሚበረው ሰው ብዙው አውሮፕላን የሚሳፈረው ገንዘብ ተርፎት ሳይሆን መንገዱ አስፈርቶት ነው። ተኩሱ፣ እገታውና የመንገድ መዘጋቱ አውቶቡሱን አስጥሎታል። ተበድሮ ትኬት የቆረጠው ሕመምተኛ ግን ኤርፖርት ሲደርስ መታወቂያ ይጠየቃል። ከሌለው አይበርም።

«ታዲያ ምን አለበት? ለደኅንነት ነው» የሚሉ አሉ። ሽጉጥና ፈንጂ የሚያዘው በኤክስሬይና በአካል ፍተሻ እንጂ በካርድ አይደለም። ሕጋዊ መታወቂያ የያዘ ሁሉ ሰላማዊ፣ መታወቂያ የጠፋበት ሁሉ አሸባሪ አይደለም። ካርዱ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው፤ ትኬቱ ላይ ያለው ስም የተሳፋሪው መሆኑን። አደጋ ቢደርስ ማን እንደተሳፈረ መታወቅ ስላለበት ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ ግን ስምና ፎቶ ይበቃል።

የቀበሌ መታወቂያ ከዚህ አልፎ ይናገራል። በብዙ ቦታ «ብሔር» የሚል መስመር አለው። ወንበር ለመያዝ ብሔር ምን ይሠራል? ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ መታወቂያ መያዝ ግዴታ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አሳሰበ። ያቺ አንዲት መስመር በማን እጅ ምን እንደምትሆን አገሩ አይቶታል።

የባሰው ደግሞ የተፈናቃዩ ነው። ከወለጋ ሸሽቶ ደብረ ብርሃን፣ ከሑመራ ሸሽቶ ሽሬ የተጠለለ፣ ቤቱ ሲነድ መታወቂያው አብሮ የነደደበት ሰው አዲስ ልውሰድ ሲል «ከነበርክበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ» ይባላል። ነፍሱን ይዞ ካመለጠበት ቦታ ማን ማህተም ይመታለታል?

መስከረም 2001 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን የተመታችው አሜሪካ እንኳ እንዲህ አላደረገችም። ጥብቅ የመታወቂያ ሕጓን በ2005 አውጥታ፣ ደጋግማ አራዝማ፣ በኤርፖርት ሥራ ላይ ያዋለችው ሜይ 7 ቀን 2025 ነው። አሁንም ካርድ የሌለው በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም። ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ 45 ዶላር ከፍሎ ማንነቱ በሌላ መንገድ ከተጣራ መብረር ይችላል። ክፍያው ያስወቅሳል፤ አማራጭ መኖሩ ግን ትምህርት ነው።

ኢትዮጵያም አማራጭ አጥታ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይይዛል። ብሔር አይጠይቅም። መሣሪያው ካለ ካርዱ የጠፋበት ሰው ጣቱን አስነክቶ ማንነቱን የማያረጋግጥበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ጥያቄው ሦስት ነው። ፋይዳ በየኤርፖርቱ ያለ ክርክር ብቻውን ይብቃ፤ ካርድ ለሌለው ማጣሪያ ጠረጴዛ ይኑር። ተፈናቃይ መሸኛ አይጠየቅ። የብሔር መስመር ከየትኛውም መታወቂያ ይሰረዝ። ይህ ካልሆነ ግን «ለደኅንነት ነው» የሚለው ቃል የማንን ደኅንነት እንደሚል ባለሥልጣናቱ በግልጽ ይንገሩ። መንገዱን ማስከፈት ያልቻለ መንግሥት ቢያንስ ሰማዩን አይዝጋ።