በጠፈር ፊልም የተጠራጠረው ልጅ

ባለፈው ዕረፍት ጉንደ ወይን ሳለሁ በአንድ ሻይ ቤት ክርክር ተነሣ። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፥ በጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሰዎች እንደ ላባ ሲንሳፈፉ የሚያሳየውን ፊልም በስልኩ ከፍቶ «ይኸ የሲኒማ ሥራ ነው» ቢል ቤቱ በሙሉ ሳቀበት። እኔም፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና፥ ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ልጁ ግን ወደ እኔ ዞሮ «በጠፈር ስበት የለም ተብለን ተምረናል። ስበት ከሌለ ጨረቃን ማን ያዛት? ካለስ እነዚህ ሰዎች ስለ ምን አይወድቁም?» ሲል ጠየቀኝ።

ክቡራን መምህሮቻችን፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ልጁ ትክክል ነው። የተሳሳተው «ስበት የለም» የሚለው ትምህርት ነው፤ እርሱንም ሸምድደን የምናስተላልፈው እኛው ነን። ጣቢያው የሚዞረው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። እስከዚያ የሚደርስ መሰላል ቢኖርና አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክመን ብንወጣ፥ ጤፉ በባለ ሞላ ሚዛን ወደ 89 ኪሎ ይመዝን ነበር እንጂ አይንሳፈፍም።

ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ስለሚወድቁ ነው። የጎንቻ እረኛ በወንጭፍ የለቀቀው ድንጋይ በፈጠነ መጠን ርቆ ይወድቃል። በሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ቢፈጥንና አየር ባይዘው ግን፥ ምድር ክብ ናትና በወደቀ ቁጥር ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሸዋለች፤ ሲወድቅ ይኖራል እንጂ አያርፍም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተነሣችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የዞረችው በዚሁ ሕግ ነው፤ «ተወነጨፈች» መባሏም ስለዚህ ደስ ይለኛል። ጣቢያውና ሰዎቹ አብረው ስለሚወድቁ እግር ወለሉን አይጫንም።

ፊልም ሊቀነባበር ይችላል ማለቱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «አፖሎ 13» የተባለው ሲኒማ ከፊሉ የተነሣው በአይሮፕላን ውስጥ ነበር፤ አይሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሲታጠፍ ተዋንያኑ በእርግጥ ተንሳፍፈዋል። ነገር ግን ይኸ በአንድ ጊዜ ከ25 ሴኮንድ ያህል አያልፍም። እንግዲህ የሚጠራጠር ሰው ሰዓቱን ይዞ ይቁጠር! እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳዊው ክሪስ ሃድፊልድ በጣቢያው ውስጥ እርጥብ ፎጣ ሲጨምቅ፥ ውኃው ሳይንጠባጠብ በፎጣውና በእጁ ዙሪያ ተጣብቆ ቀረ፤ ይኸም ከ25 ሴኮንድ ይረዝማል። ሙከራውን ያሰቡት ሁለት የካናዳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። የሻይ ቤቱ ልጅ ከእነርሱ በምን ያንሳል?

በማግሥቱ ከልጁ ጋር አንድ ሃይላንድ ከሥሩ በስተን ውኃ ሞላንበት። ክዳኑን ከፍተን ስንይዘው ውኃው ፈሰሰ፤ ከግንብ ላይ ስንለቀው ግን መሬት እስኪደርስ መፍሰሱን አቆመ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «ውኃውን አየሁ፤ ጣቢያውን ግን አላየሁም» አለ።

ይኸም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጣቢያው በዓይን ይታያልና። በሚያልፍበት ቀን፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት፥ እንደ ብሩህ ኮከብ ሆኖ በጥቂት ደቂቃ ሰማዩን ያቋርጣል፤ ሰዓቱም አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ የፊዚክስ ተማሪዎች ለሚመጣው ዕረፍት የየአገራችንን የማለፊያ ሰዓት አዘጋጅተው እንዲሰጡን፥ ማኅበራችንም በዚህ ጋዜጣ እንዲያወጣልን እጠይቃለሁ። የጉንደ ወይንን እኔ ራሴ አደርሳለሁ፤ ለልጁ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ።