ስለ ቤት ኮምፒዩተር ኬላና ስለ አጠባበቁ

በዚህ ዘመን ኮምፒዩተር ያልገባበት የሹም ቤት ጥቂት ነው። የቤት ካርታና የውል ወረቀት፥ የልጆች የትምህርት ምስክር ወረቀት፥ የሟች ወላጆች ፎቶግራፍ፥ የወሩም ወጪ ሒሳብ ቀድሞ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ የነበረው ዛሬ በዚሁ መሣሪያ ውስጥ ተከቶ ይገኛል። ሣጥኑ ሳይቈለፍ ቢያድር እንቅልፍ የማይወስደው የቤት ጌታ፥ ኮምፒዩተሩ ከዓለም ሁሉ ጋራ በሚያገናኘው መሥመር ላይ ውሎ ሲያድር ግን በሩ ክፍት ይሁን ዝግ አይጠይቅም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ፋየርዎል ስለሚባለው ጠባቂ ጥቂት ለማስረዳት አስበናል።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ የመጀመሪያ ፍቺውም በአንዱ ቤት የተነሣ እሳት ወደ ጎረቤቱ እንዳይዛመት በመካከል የሚሠራ ግንብ ማለት ነው። በአማርኛ ኬላ ቢባል ግን ለሥራው የበለጠ ተስማሚ ይመስለናል፤ ግንብ የመጣውን ሁሉ ሲያግድ፥ ኬላ የሚያልፈውንና የማያልፈውን ይለያልና። ቀድሞ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ኬላ በደረሰ ጊዜ ከወዴት መጣህ፥ ወዴትስ ትሄዳለህ ተብሎ ይጠየቅ እንደ ነበረ፥ ይህም ጠባቂ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ ከየት እንደ ተላከና ለየትኛው በር እንደ ታሰበ ይመረምራል። በር ያልነው ፖርት የሚባለውን ነው፤ ቍጥሩም ከ0 እስከ 65,535 ይደርሳል። በዊንዶውስ ፋይል መጋራት በ445ኛው በር፥ ኮምፒዩተርን ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ በ3389ኛው በር ይፈጸማል። ባለቤቱ ራሱ የጠየቀው ነገር መልሱ ሲመጣ ኬላው ያሳልፈዋል፤ ሳይጠራ የመጣውን ግን ፈቃድ ከሌለው በቀር ይመልሰዋል። አጋፋሪ በእልፍኝ ደጅ ቆሞ የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይለይም።

ይህ ጠባቂ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ሁልጊዜ ነቅቶ አልኖረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ዊንዶውስ ኤክስፒ በወጣ ጊዜ ኬላ ነበረው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ካላዘዘው በቀር አይሠራም ነበር። በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለው ትል በ135ኛው በር እየገባ ብዙ ኮምፒዩተር አበላሸ። ሰውየው ደብዳቤ መክፈት ወይም አንዳች ነገር መንካት አላስፈለገውም፤ ከመሥመሩ ጋራ መገናኘቱ ብቻ ለጥፋት ይበቃ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሳሰር የተባለው በ445ኛው በር ተከተለ። ማይክሮሶፍት በኦገስት 2004 ሰርቪስ ፓክ 2 የሚባለውን ማሻሻያ ሲያወጣ ኬላው ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲሆን አደረገ።

እንግዲህ ዛሬ ጠባቂውን የሚያሰናብተው ብዙ ጊዜ ራሱ የቤቱ ሰው ነው። በምናውቀው በአንድ ቤት የማተሚያው መኪና አልታዘዝ ቢል፥ ከዘመዶቻቸው አንዱ ኬላውን ከነአካቴው አጠፋውና ሥራው ሲፈጸም መልሶ ሳያበራው ሄደ። ወራትም አለፉ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ትል በ150 ያህል አገሮች በተሠራጨበት ሰሞን አንድ እንግዳ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ከቤቱ ዋይፋይ ጋራ አገናኘው። በማግሥቱ በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ፋይል ሁሉ ተቈልፎ፥ 300 ዶላር በቢትኮይን እንዲከፈል የሚያዝዝ ቀይ ሰሌዳ በመስታወቱ ላይ ተገኘ። የዚህ ትል መድኀኒት ከሁለት ወር በፊት በማርች ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ግን አልተጫነም። እመቤቲቱ ስለ ሒሳቡም ስለ ውሉም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የእናታቸው ድምፅ የተቀረጸበትን አንዱን ፋይል ብቻ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። እርሱም አልተገኘም።

ይህን የጻፍነው ብዙ ሰው «ከግድግዳው የተሰቀለው ራውተር ይጠብቀናል» ስለሚል ነው። እውነት ነው፤ ራውተሩ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣውን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀራል። ከእንግዳ ጋራ በደጅ የገባውን ግን ከጎረቤቱ ኮምፒዩተር አይለየውም። ስለዚህ ኬላው በራውተሩም በየኮምፒዩተሩም ሊኖር ይገባል። ከራውተሩ ጋራ አብሮ የመጣውንም የይለፍ ቃል ወዲያው መለወጥ ነው፤ እንደዚያ ያለው ቃል ብዙ ጊዜ በሣጥኑ ግርጌ ተጽፎ ስለሚገኝ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ኬላውን ለመመርመር በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስን ከፍቶ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፥ ቀጥሎም ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፥ ከዚያ ፋየርዎል ኤንድ ኔትወርክ ፕሮቴክሽን ወደሚለው መግባት ነው። በዚያ ሦስት መሥመሮች ይታያሉ፤ ዶሜይን የመሥሪያ ቤት፥ ፕራይቬት የቤት፥ ፐብሊክ የአደባባይ ነው። ሦስቱም ኦን የሚል ሊታይባቸው ይገባል። በማክ ኮምፒዩተር ደግሞ በሲስተም ሴቲንግስ ኔትወርክ ከሚለው ሥር ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ስለሚገኝ ባለቤቱ ራሱ ማብራት አለበት። ኡቡንቱም እንዲሁ ዩኤፍደብሊው የሚባል ኬላ አለው፤ ሳይታዘዝ ግን አይነሣም።

ማተሚያው ወይም የልጆቹ ጨዋታ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ኬላውን ማጥፋት ለአንድ እንግዳ ሲባል አጥሩን ማፍረስ ነው። ፈቃዱን ለዚያው ለአንዱ ፕሮግራም ብቻ፥ እርሱንም በፕራይቬት መሥመር ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ለዚሁ የተዘጋጀው አላው አን አፕ የሚለው ዝርዝር እዚያው ገጽ ላይ አለ። ኮምፒዩተሩም አንዳንድ ጊዜ ራሱ «ይህ ፕሮግራም ይለፍን?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ያንን ፕሮግራም ራሱ ከፍቶት እንደ ሆነ ያስብ፤ ካልከፈተው ካንስል ይበል። የጥያቄው መብዛት አሰልችቶት ሁሉን አሳልፍ የሚል ጠባቂ፥ ባይኖር ይሻላል፤ ባለቤቱ ተጠብቄያለሁ ብሎ ይተኛልና።

ፈቃድ የተሰጣቸውንም በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል መመልከት ያስፈልጋል። ከተጣለ ማተሚያና ልጁ አድጎ ከተወው ጨዋታ የቀረ ፈቃድ በዚያ ዝርዝር ሞልቶ ይገኛል። ማን ምን እንደ ፈቀደ በትንሽ ደብተር ቢጻፍ መልካም ነው፤ ጸሐፊ ስለ ሆንን ይህን ማለታችን አያስደንቅም። ዝርዝሩ ከተዘበራረቀ ሪስቶር ፋየርዎልስ ቱ ዲፎልት የሚለው ሁሉን ወደ መጀመሪያው ሥርዐት ይመልሰዋል። ልጆችም የሚገለገሉበት ስም የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ሳይሰጡ ኬላውን ሊለውጡ አይችሉም።

ኬላው የማይችለውም አለ። ባለቤቱ በገዛ እጁ የከፈተውን የተንኰል ደብዳቤ አያግድም፤ የዊንዶውስ ኬላ ወደ ውጭ የሚወጣውንም ካልታዘዘ በቀር ያሳልፋል። ስለዚህ ማሻሻያዎችን በጊዜያቸው መጫንና የውሉንም የፎቶግራፉንም ቅጂ ከኮምፒዩተሩ በተነቀለ ዲስክ ማስቀመጥ አይቀርም።

በሆቴል፥ በአውሮፕላን ጣቢያ ወይም በቡና ቤት ዋይፋይ የሚገናኝ መንገደኛ መሥመሩን ፐብሊክ ብሎ ይመዝግበው፤ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በዚያው መሥመር ላሉት ለሌሎቹ ራሱን አያሳይም። ወደ ቤቱም በተመለሰ ጊዜ የቤቱ መሥመር ብቻ ፕራይቬት ተብሎ መመዝገቡን ይመልከት።